ሻንጣ ውስጥ ያለ አደራ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ለኪሊማንጃሮ ተጓዦቻችንና ዕቃ ለሚልኩልን ወዳጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)



ሊቀመንበራችን «ስለ ሻንጣ ትናገርልን» ሲሉ ከኋላ የሳቃችሁትን ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም። ሻንጣ ማሸግ ለእኛ ማን ያስተምረናል? በርበሬውን በሦስት ድርብ ጠቅልለን፣ ድርቆሹን ከልብሱ መካከል ሸጉጠን፣ ሽሮውን እንዳይፈስ በጨርቅ ቋጥረን ስንቱን ልጅ ሸኝተናል። ዛሬ የምናወራው ግን ድንኳን፣ የካምፕ ምድጃ፣ የግንባር መብራት፣ ምርኩዝና ካስማ ስላለበት ሻንጣ ነው። ይህ ዕቃ ለብዙዎቻችን አዲስ ነው። እኔም የማውቀው ተራራ ስለወጣሁ አይደለም። ጉልበቴ እንጦጦ ድረስ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ኑሮዬ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከሻንጣ መቀበያው ባንኮኒ ኋላ ስለነበረ ነው።

ለእንግዶቻችን ነገሩን ላስረዳ። በዕቁባችን ገንዘብ በጀመርነውና እናንተ ባገዛችሁን የዕቃ ማከራያ ክፍላችን ውስጥ ድንኳኖች፣ የመኝታ ከረጢቶችና ምርኩዞች አሉ። ቅዳሜና እሑድ ወደ ወንጪ፣ ወደ መናገሻ ሱባ የሚወጡ ወጣቶችና የትምህርት ቤት ክበቦች ይከራዩናል። ከኪራዩ የሚገኘው ለአባላት ብድርና ለልጆች ደብተር ይውላል። አሁን ደግሞ ዘጠኝ አባሎቻችን ለማኅበሩ ገንዘብ ለማሰባሰብ ኪሊማንጃሮን ሊወጡ ነው። የሚይዙት ከዚያው ከማከራያው የወጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ አንድ ሻንጣ ቢጠፋ ወይም ቢያዝ የሚጎድለው የአንዲት ተጓዥ ንብረት ሳይሆን የሁላችንም ዕቁብ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ አደራ ዕቃ ልናገር። ይህን ያለ ፈቃዷ አላነሳውም ነበር፤ ባለቤቷ «ተናገሪው፣ ሌላም ሰው ይማርበት» ስላለችኝ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እኅታችን ወንድሟ አርፎ ከውጭ አገር ለለቅሶ ስትመጣ፣ «ለማኅበሩ የሚሆን ዕቃ አለ፣ ይዘሽልን ግቢ» ተብላ አንድ የታሸገ ሻንጣ ተቀበለች። ሰጪዋ ደግ ሰው ናት፤ የራሷን ድንኳን፣ ድስትና ምድጃ አጥባ፣ አጣጥፋ ነው የላከችልን። ባንኮኒው ላይ «አደገኛ ነገር አለ?» ተብላ ስትጠየቅ እኅታችን «የለም» አለች። ምን ታድርግ፣ አታውቅማ። ሻንጣው ኤክስሬይ ሲያልፍ ተይዞ ቀረ። ሲከፈት ከድስቱ ሆድ ውስጥ በግማሽ ያለቀ የጋዝ ጣሳ ወጣ። ጥያቄው፣ ፎርሙ፣ መጠበቁ ሲደራረብ አውሮፕላኑ ሄደ። በማግስቱ በሌላ በረራ ስትደርስ ወንድሟ ተቀብሮ ነበር።

ጋዙ ድስት ውስጥ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እነዚህ የካምፕ ድስቶች ሲሠሩ ጀምሮ ጣሳው ውስጣቸው ልክ እንዲገባ ሆነው ነው የሚሠሩት። ቦታ ለመቆጠብ ታስቦ ነው። ከጉዞ የተመለሰ ሰው ድስቱን ክዳኑን ገጥሞ ያስቀምጠዋል፣ ከዓመት በኋላ ሲሰጠው ውስጡን አያየውም። እንግዲህ ከውጭ የምትልኩልን ወዳጆች፣ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው፤ ድስቱን ክፈቱ። የድንኳኑን ከረጢት፣ የመኝታውን ከረጢት፣ የጀርባ ቦርሳውን የጎን ኪስ ሁሉ ገልብጡ። ክብሪት፣ ላይተር፣ አሮጌ ባትሪ የሚደበቀው እዚያ ነው። ሻንጣውንም ቆልፋችሁ አትስጡ። የሚይዘው ሰው ባለበት ዕቃው አንድ በአንድ ይውጣ፣ በወረቀት ይመዝገብ፣ እሱ በገዛ እጁ መልሶ ይክተተው። ባንኮኒው ላይ «ራስሽ ነሽ ያሸግሽው?» የሚለው ጥያቄ ለወግ የሚጠየቅ አይደለም። መልሱ እውነት መሆን አለበት። ተቀባዮችም ብንሆን «እንዴት ሻንጣ ክፈች እላታለሁ፣ ያላመንኳት ይመስላል» የሚለውን ይሉኝታ እዚህ ላይ እንተወው። የታሸገ አደራ አልቀበልም ማለት ነውር አይደለም።

ስለ ምድጃው ትንሽ ልቆይ፣ ክርክር የሚበዛው በእሱ ላይ ነውና። የጋዝ ጣሳ ሙሉም ሆነ ግማሽ በሚጫነው ሻንጣም በእጅ ሻንጣም አይሄድም። ላምባና ቤንዚንም እንደዚያው። ምድጃው ራሱ፣ ብረቱ ማለቴ ነው፣ ነዳጅ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ከሆነ ችግር የለበትም። ያገለገለ ከሆነ ግን ነዳጁን ማፍሰስ ብቻ አይበቃም። ታንኩም ቱቦውም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አየር ማግኘት አለበት። እንዲያም ሆኖ ያገለገለ ምድጃ ጭራሽ የማይቀበል አየር መንገድ አለ፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ባንኮኒ ላይ ስንት ጊዜ «ባዶ ነው እኮ!» ተብያለሁ። አፍንጫዬን ጠጋ ሳደርግ ግን የላምባ ሽታ እንደ ጉድ ይመጣል። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው፤ ለትነት ደግሞ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል።

«ባዶ» የምትለውን ቃል የምፈራት ያለ ምክንያት አይደለም። በሙያችን ትምህርት ሁልጊዜ የሚነገረን አደጋ አለ። ግንቦት 3 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ በ1996 ማለት ነው፣ የቫሉጄት አየር መንገድ በረራ ቁጥር 592 ከማያሚ ወደ አትላንታ ተነስቶ አሥር ደቂቃ ያህል እንደበረረ ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ወደቀ። የነበሩት 110 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከሆዱ ተጭነው የነበሩት ጊዜ ያለፈባቸው የኦክስጅን ማመንጫዎች ናቸው። እነዚህ ነገሮች በኬሚካል ኃይል ኦክስጅን ሲያወጡ በጣም ይግላሉ። መከላከያ ቆባቸው ሳይገጠም በካርቶን ተከተቱ። በጭነት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ባዶ» የሚል ነበር። ያ የጭነት ክፍል እሳት ቢነሳ አየር አጥቶ እንዲጠፋ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ማመንጫዎቹ ግን ለእሳቱ የራሱን ኦክስጅን አቀበሉት። ካርቶኑን ያሸጉት ሰዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አላዩም፣ ወይም ያዩትን አላወቁትም።

ለተራራ ከፍታ ይጠቅማል ተብሎ የሚሸጠውን ትንሽ የኦክስጅን ጣሳ የምታስቡ ካላችሁ፣ ይህን የነገርኳችሁ ለእናንተም ነው። አይሄድም። ለሕመም ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ አስቀድሞ ከአየር መንገዱ ጋር ይነጋገራል።

አሁን ወደ ባትሪ ልምጣ። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያደናግረናል። እኛ «ባትሪ» ስንል ብዙ ጊዜ የእጅ መብራቱን ነው፤ ውስጡ ያለውን «ድንጋይ» እንለዋለን። ባንኮኒ ላይ «ሻንጣው ውስጥ ባትሪ አለ?» ሲባሉ «ኧረ ባትሪ የለኝም፣ ማታ ምን ልሠራ!» ያሉኝ እናት አሉ፤ ሻንጣቸው ውስጥ ግን ሁለት ፓወር ባንክ ነበር። ሠራተኛው የሚጠይቀው ኃይል ስለሚያጠራቅመው ነገር ሁሉ ነው፤ ፓወር ባንክ፣ የካሜራ መለዋወጫ፣ የግንባር መብራት ውስጥ ያለው፣ በፀሐይ የሚሞላው የካምፕ ፋኖስ።

ሊቲየም የሚባለው ባትሪ ውስጡ ከተጎዳ ወይም ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ ራሱን በራሱ እያጋለ ይሄዳል፤ አንዱ ሲነድ ጎረቤቱን ያቀጣጥላል። በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ያለው ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ቢያፍነውም ባትሪው ውስጥ የተጀመረውን መጋል አያስቆመውም። ከላይ፣ ሰዎች ባሉበት ክፍል ግን አስተናጋጆቹ ያዩታል፣ ውሃ እያፈሰሱ ያቀዘቅዙታል። «አደገኛ ከሆነ ለምን ከሰው ጋር ይቀመጣል?» ላሉኝ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው። ዓይን ያለበት ቦታ ይሻላል።

የራሳችንም አውሮፕላን ምሳሌ አለው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የሚል ስም ያላት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ለንደን ሂትሮው ቆማ ሳለ ከጅራቷ አካባቢ እሳት ተነሳ። እግዚአብሔር ይመስገን ውስጧ ሰው አልነበረም። የእንግሊዝ መርማሪዎች ያገኙት፣ አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ የሚጠቁመው መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ሽቦዎች ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው መነካካታቸውን ነው። የተጨፈለቀ ሽቦ ይህን ካደረገ፣ ከካስማና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ የሚንኳኳ ባትሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እናንተው አስቡት።

ስለዚህ ፓወር ባንክና መለዋወጫ ባትሪ ሁሉ በእጅ ሻንጣ ይሄዳል። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በጨርቅ ከረጢት ወይም ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው። መጠኑን ለማወቅ ሂሳቡ ቀላል ነው። የተጻፈውን ሚሊአምፔር በ3.7 አባዙና ለ1000 አካፍሉ። 20,000 የሚል ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። እስከ 100 ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከሁለት በላይም አይያዝም። ከ160 በላይ የሆነው ከመንገደኛ ጋር አይሄድም። 30,000 የሚለው 111 ስለሚሆን ፈቃድ ውስጥ ይገባል፤ ለዚህ ጉዞ ባትይዙት ይሻላል። ጽሑፉ የጠፋበትን ወይም ያበጠውን ደግሞ ጭራሽ ተዉት፤ ያበጠ ባትሪ ቤትም ውስጥ አይቀመጥም። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንድ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ሊነሳ ሲል በእሳት ከተያያዘ በኋላ፣ ሰዎቹ ቢተርፉም፣ አገሪቱ ፓወር ባንክ ከራስ በላይ ባለው መደርደሪያ እንዳይቀመጥ ከልክላለች። ሌሎችም አየር መንገዶች እያጠበቁ ነው፤ ስለዚህ ከጉዞው ሳምንት በፊት የራሳችሁን አየር መንገድ ደንብ እንደገና አንብቡ።

የግንባር መብራቱ ውስጥ ያለው ተራ ድንጋይ ከሆነ ብዙም አያስጨንቅም። ቢሆንም አውጡት ወይም አንዱን ገልብጣችሁ ክተቱት። ሻንጣ ውስጥ ተጭኖ ሲበራ ያደረ መብራት ጨርቅ ያግላል፣ ተራራው ላይም ስትደርሱ ድንጋዩ አልቋል።

ከአሜሪካ የሚልኩልን ወዳጆች አንዳንዴ ለዱር አውሬ የሚረጭ የበርበሬ ጋዝ ይጨምሩልናል። ለድብ ነው አሉ። አሳባችሁን እናመሰግናለን፣ ግን በሚጫነውም በእጅም ሻንጣ የተከለከለ ነው። እኛ አገር ደግሞ ድብ የለም፤ ከጅብ ጋር ደግሞ ድሮም ተላምደናል። ድሮንም እንዲሁ አትላኩ፤ ያለ ፈቃድ ወደ አገር አይገባም። ቢኖክላር ለመላክ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጠይቁን።

ላይተር የሚፈቀደው አንድ፣ ሰውየው ኪስ ውስጥ ብቻ ነው። ክብሪትም አንድ ትንሽ ፓኮ፣ እሱም ኪስ ውስጥ። ሰንጢ፣ ካስማና ምርኩዝ በሚጫነው ሻንጣ ይግቡ፤ ስለቱ በካርቶን ወይም በወፍራም ጨርቅ ይጠቅለል፣ ፈታሹም ሰው እጅ አለው።

እንግዲህ ኪሊማንጃሮ። ዘጠኛችሁም ጫማችሁን ተጫምታችሁ ሂዱ። ከነፍስ ቀጥሎ የምነግራችሁ ይህን ነው። ሻንጣ ቢዘገይ የመኝታ ከረጢትም ሆነ ጃኬት ሞሺ ወይም አሩሻ ላይ ተከራይቶ ይገኛል። እግራችሁን ያወቀ ጫማ ግን አይከራይም። የሰው ጫማ አድርጎ 5,895 ሜትር ለመውጣት የሚነሳ ሰው በሁለተኛው ቀን እግሩ ውሃ ቋጥሮ ይመለሳል። ጫማው ከባድ ስለሆነም ከእጅ ሻንጣው 7 ኪሎ ላይ አይቀነስባችሁም። መድኃኒታችሁ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀታችሁ (ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ትጠይቃለች)፣ አንድ ሙቅ ልብስና ካልሲ አብረዋችሁ ይቀመጡ። ማርና ቅቤ በእጅ ሻንጣ አትያዙ፤ ፍተሻው ላይ እንደ ፈሳሽ ነው የሚታዩት፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆኑ ይወሰዳሉ።

ሌላው ፌስታል ነው። ታንዛኒያ ከግንቦት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የፕላስቲክ ፌስታል ከልክላለች፤ እንግዳም ይዞ እንዲገባ አይፈቀድም። እኛ ደግሞ ያለ ፌስታል ምን እንጠቀልላለን! ጫማው በፌስታል፣ ሳሙናው በፌስታል፣ ፌስታሉ ራሱ በፌስታል። ስለዚህ የስፌት ቡድናችን ከአቡጀዲ መቋጠሪያ ከረጢቶች እየሰፋ ነው። ለልብስ ነጩ፣ ለጫማና ለቆሸሸ ባለ ቀለሙ። ለጀርባ ቦርሳውም ከወፍራም ሸራ ትልቅ መሸፈኛ ይሰፋል። የጀርባ ቦርሳ ማንጠልጠያና ቀበቶ እንደተንጠለጠለ ከተጫነ በሚሽከረከረው ቀበቶ ላይ ተይዞ ይቦጨቃል፤ በሥራ ዘመኔ የተቦጨቀ ማንጠልጠያ ብቻ ቢሰበሰብ መጋዘን ይሞላ ነበር። መሸፈኛው ላይ ስምና የማኅበሩ ምልክት በክር ይጠለፍ፤ ከውስጥም አንድ ወረቀት ስምና ስልክ ተጽፎበት ይቀመጥ፣ የውጪው ቢወልቅ የውስጡ ይናገራል።

አሸጋግ ላይ፣ ምርኩዞቹን አሳጥራችሁ ጫፋቸውን ቡሽ አልብሱ፣ ከመሐል አድርጓቸው፣ የመኝታ ከረጢቱ ይክበባቸው። የድንኳን ዘንግ የምትልኩም እንዲሁ፤ ዘንጉ ከሻንጣው ግድግዳ ጋር ከተጠጋ አንድ ውርወራ ያጎብጠዋል። ዕቃ ጫኚዎቹ ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም፤ በአንድ ሌሊት የሚያነሱትን ብታዩ ታዝኑላቸዋላችሁ። ለዚህም ነው አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ በላይ የማይቀበሉት፤ የቲኬታችሁ መጠን ብዙ ጊዜ 23 ነው። ተራራው ላይ ደግሞ ሚዛኑ ይጠብቃል። የፓርኩ ደንብ አንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ይከለክላል፣ አስጎብኚዎችም ከተጓዥ የሚቀበሉት ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው። እዚያ ሻንጣችሁን በራሱ የሚሸከመው የሰው ልጅ ነው። ሦስተኛ ሹራብ ስትጨምሩ አንገቱን አስቡት። ምድጃና ጋዝ ደግሞ አትያዙ፤ ማብሰያውን የሚያዘጋጁት እነሱ ናቸው።

ስትመለሱ ዕቃው ሳይደርቅ ወደ ማከራያው አይግባ። እርጥብ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት በአንድ ሳምንት ይሻግታል። የጫማችሁንም አፈር እዚያው አራግፉ።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልመልስና ላብቃ። ወይዘሮ፣ የልጅዎን ብስክሌት ጠይቀውኛል። ይሄዳል፣ በካርቶን። መሪው ይዙር፣ የጎማው ነፋስ ቀነስ ይበል፣ ፔዳሎቹ ይፈቱ፤ የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሆነ በግድ እንዳያጠብቁት። በባትሪ የሚሄድ ብስክሌት ከሆነ ግን ባትሪው ከ160 በጣም ስለሚበልጥ አብሮት አይሄድም። ሁለተኛው፣ «የረሳሁት ነገር ባንኮኒ ላይ ትዝ ቢለኝስ?» የሚል ነው። ተናገሪ። ሻንጣው ሳይጫን የተናገረ ሰው ዕቃውን አውጥቶ ይሄዳል። ብዙ ሰው እፍረት ይዞት ዝም ሲል አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ወደ ቅጣት የሚሄደው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእጅ ሚዛን ይዤ ማከራያው ክፍል እገኛለሁ። ዘጠኛችሁም ሻንጣችሁን ሳትቆልፉ አምጡ፣ ምንጣፍ አንጥፈን አንድ በአንድ እናየዋለን። ቡና የስፌት ቡድኑ ያፈላል ተብያለሁ።